ድምፅና ገጽ፤ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የመድረክ ሕይወት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በኢትዮጵያ የትያትር መድረክ ላይ በመጀመሪያ ከቆሙት ሴቶች አንዷ የነበሩትን፤ በክራር ዜማቸውም ስማቸው የገነነውን የወይዘሮ አስናቀች ወርቁን ሕይወትና ሥራ ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራን ማስረዳት ነው። ነገሩን ለማብራራት እንዲረዳ የሕንድ ሲኒማ ዘፋኞችን ታሪክ በምሳሌነት አመጣለሁ። በመጨረሻም ይህ ሁሉ በባሌ ደጋ ለምንኖር ለእኛ ምን እንደሚያስተምረን ለማሳየት እሞክራለሁ።

በሮቤና በጎባ የሚኖር ተማሪ አዲስ አበባ ተወልደው አዲስ አበባ ስላረፉ ዘፋኝ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ሴት ልጅ በአደባባይ ቆማ ብትዘፍን ክብር ነው ወይስ ነውር የሚለው ጥያቄ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ቤት ጥያቄ ነው። ደግሞም ለዚህ ጥያቄ አንድ አገር የሰጠው መልስ የትኛው ድምፅ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍና የትኛው እንደሚጠፋ ይወስናል።

በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ዓመቶች በራሳችን አቆጣጠር፤ የውጭ አገር ዓመቶች ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር «እ.አ.አ.» እየተባሉ ተጽፈዋል።

ሀ. ሴት ያልነበረችበት መድረክ

በአውሮፓ ሥርዓት የሚሠራ ትያትር ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያው የአማርኛ ትያትር ደራሲ ተብለው የሚታወቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የትያትራቸውም ስም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ይባላል። ትያትሩ በአውሬዎች ምሳሌ የመንግሥትን አሠራር የሚነካ ስለ ነበረ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ትያትር በአብዛኛው የትምህርት ቤት ሥራ ሆነ። እንደ ዮፍታሔ ንጉሤ ያሉ መምህራን ይደርሳሉ፤ ተማሪዎችም አጥንተው በበዓል ቀን ይጫወታሉ። ተጫዋቾቹ ወንዶች ልጆች ስለ ነበሩ ንግሥትም፤ እናትም፤ ሙሽራም ሆኖ የሚቀርበው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበረ።

በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያ ዓላማው የጣልያን ወረራ መቃረቡን አይቶ ሕዝቡን በንግግር፤ በግጥምና በዘፈን ማንቃት ነበር። ከነጻነት በኋላም ማኅበሩ ሥራውን ቀጥሎ ትያትርና ሙዚቃ በአንድ ምሽት እያጣመረ ለሕዝብ ማቅረብ ጀመረ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም እንዲሁ የትያትር ክፍል ነበረ። ዳሩ ግን የሴት ተዋናይ ችግር በቶሎ አልተቃለለም።

ምክንያቱ ምንድር ነው? እንደሚመስለኝ ሁለት ነው። አንደኛው፤ በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ልማድ ለገንዘብ ብሎ በሰው ፊት የሚዘፍን ሰው «አዝማሪ» ይባላል። አዝማሪ የሚፈለግ ሰው ነው፤ ያለ እርሱ ሰርጉም ግብሩም አይደምቅም። የሚከበር ግን አልነበረም፤ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ባላገር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ሁለተኛው፤ በከተማ ሴት በዘፈን የምትታወቀው በጠጅ ቤትና በመሸታ ቤት ስለ ነበረ፤ ዘፈን፤ መጠጥና ሴት በሰው አሳብ ውስጥ አንድ ላይ ተቋጠሩ። እንግዲህ ወደ መድረክ የምትወጣ ሴት ገና አፏን ሳትከፍት ስም ወጥቶላት ትጠብቃለች ማለት ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ዕጣ አልነበረም። የሕንድ ሲኒማ አባት የሚባሉት ዱንዲራጅ ፋልኬ እ.አ.አ. በ1913 «ራጃ ሐሪሽቻንድራ» የተባለውን የመጀመሪያውን ረጅም የሕንድ ፊልም ሲሠሩ የንግሥቲቱን ቦታ የምትጫወት ሴት በብርቱ ፈለጉ። ሌላው ቀርቶ በሴትኛ አዳሪነት የሚተዳደሩት እንኳ በካሜራ ፊት መቆምን ነውር ነው ብለው እንቢ አሏቸው። በመጨረሻም በአንድ ምግብ ቤት ይሠራ የነበረውን አና ሳሉንኬ የተባለውን ወንድ ቀሚስ አልብሰው ንግሥት አደረጉት። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ ፊልም ውስጥ ባልም ሚስትም ሆኖ ተጫውቷል። የፋልኬን እንቢታ የሰበሩት ዱርጋባይ ካማትና ልጃቸው ካምላባይ ናቸው፤ እናትና ልጅ በዚያው በ1913 በፋልኬ ቀጣይ ፊልም ላይ ቀረቡ። በእኛ አገር ግን ይህ እስኪሆን ድረስ ገና ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቀርቶ ነበር።

ለ. ልጅነትና ክራር

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በ1927 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባቸው በክርስትና እናታቸው እጅ አደጉ። በአገራችን ልማድ የክርስትና እናት ሥጋ ባትሆንም ከሥጋ የምትቆጠር ናት፤ ሆኖም ያለ እናት የሚያድግ ልጅ ቶሎ ራሱን መቻል እንደሚማር ሁሉም ያውቀዋል።

በወጣትነታቸው አንዲት ክራር በሃያ አምስት ሳንቲም ገዝተው ያለ አስተማሪ ራሳቸውን እንዳስተማሩ ይተረካል። ይህ ትረካ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ክራር ከእንጨት የተሠራ ዘንግና ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ ያለው፤ አምስት ወይም ስድስት ክር የሚሰቀልበት መሣሪያ ነው። እንደ ፒያኖ አስቀድሞ የተወሰነ ድምፅ የለውም። መቺው ከመዝፈኑ በፊት ክሮቹን እያጠበቀና እያላላ ከገዛ ጉሮሮው ጋራ ያስማማዋል፤ ዜማው ትዝታ፤ ባቲ፤ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ቢሆን እንደ ቅኝቱ ክሩን ይለውጣል። ስለዚህ ክራርን ብቻውን የተማረ ሰው መምታትን ብቻ ሳይሆን የገዛ ድምፁን ልክ ተምሯል። የወይዘሮ አስናቀች ዘፈን ቃሉና ክሩ በአንድ ትንፋሽ የወጡ የሚመስለውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ክራር በሕዝቡ ዘንድ የነበረውን ስምም ማስታወስ ያስፈልጋል። በገናን የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው እያሉ የሚያከብሩት ሰዎች፤ ክራርን የሰይጣን ነው እያሉ ይነቅፉት ነበር። በገና የጸሎትና የጾም፤ ክራር የፍቅርና የመሸታ ተብለው ተለያይተው ነበር። ይህን ክፍፍል በሌላ መልኩ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎችም እናውቀዋለን። አንዲት ልጅ በመዘምራን መካከል ቆማ ስትዘምር ወላጆቿ ደስ ይላቸዋል፤ ያችው ልጅ በዚያው ድምፅ በሌላ አዳራሽ ስለ ፍቅር ብትዘፍን ግን ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ድምፁ አንድ ነው፤ የተለወጠው የቆመችበት ቦታ ነው። ወጣቷ አስናቀች ክራር ባነሡ ጊዜ የተነቀፈ መሣሪያ በተጠረጠረ እጅ ያዙ ማለት ነው።

ሐ. በትያትር ቤት

ወይዘሮ አስናቀች ወደ መድረክ የወጡት በ1940ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ነው። ዘመኑ ለትያትር የመልካም ዕድል ዘመን ነበር። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ቤት ተመረቀ። ይህ ሕንፃ ጣልያኖች ሲኒማ ሊያደርጉት ጀምረውት የነበረ ነው፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብሔራዊ ትያትር ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። ሰፊ መድረክ፤ የሙዚቃ ክፍልና ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ያሉት ቤት ስለ ሆነ ትያትር ከበዓል ቀን ጨዋታነት ወጥቶ የሙያ ሥራ ሆነ።

ለሴቶች ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በጠጅ ቤት የምትዘፍን ሴት ኑሮዋ በሰሚው ቸርነት ላይ የቆመ ነው፤ የደስ ደስ ብሎት ከሰጣት ትበላለች፤ ካልሰጣት ጦሟን ታድራለች። የትያትር ቤት ተጫዋች ግን በወር ደመወዝ የምታድር፤ በሰዓት ገብታ በሰዓት የምትወጣ ሠራተኛ ናት። የሰው አሳብ እንደ ደመወዙ ቶሎ ባይለወጥም፤ ሴት ተዋናይ «ሥራዬ ይህ ነው» ብላ የምትናገርበት ደጃፍ ተከፈተላት።

ወይዘሮ አስናቀች በትያትር ቤቱ ለብዙ ዓመት ሠሩ። በዚያ ዘመን የመድረክ ሰው አንድ ሙያ ብቻ ይዞ አይኖርም ነበር፤ ትያትር የሚጫወተው ይዘፍናል፤ የሚዘፍነውም ይጨፍራል። እርሳቸው ተዋናይም፤ ዘፋኝም፤ ክራር መቺም ነበሩ። በዚህም ላይ የአዝማሪን ጥበብ ጨመሩበት። የአዝማሪ ጥበብ በመድረክ ላይ ቃል መፍጠር ነው፤ ሰሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጥ ወዲያው ተቀብሎ በዜማ መመለስ፤ ሲነኩት በሰምና ወርቅ መንካት፤ ሲያሞግሱትም አብልጦ ማሞገስ ነው። ወይዘሮ አስናቀች በዚህ ንግግር አዋቂነታቸው የታወቁ ነበሩ። የተጻፈ ቃል አጥንቶ የሚናገር ተዋናይና በአፉ ቃል የሚፈጥር አዝማሪ ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ በእርሳቸው ግን ሁለቱ ተገናኙ።

ከዘመን ጓደኞቻቸው ክራር በመምታት የታወቁ ሌሎችም ነበሩ፤ ከወንዶች ካሣ ተሰማ፤ ከሴቶች ሜሪ አርምዴ ይጠቀሳሉ። ወይዘሮ አስናቀችን ከእነዚህ የሚለያቸው ክራሩን ይዘው በትያትር መድረክ ላይ የኖሩ መሆናቸው ነው። ሕዝቡ «አስኒ» እያለ በቁልምጫ ይጠራቸው ነበር። ቁልምጫው ፍቅርን ያሳያል፤ ነገር ግን ፍቅርና ክብር ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። እየጠሩ የሚያጨበጭቡ ሰዎች የራሳቸው ልጅ እንደ እርሷ እንድትሆን ይፈልጉ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መ. ሕንዶች ድምፅን ከገጽ እንዴት እንደ ለዩ

እዚህ ላይ ወደ ሕንድ እንመለስ። ንጽጽሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ የሕንድ ፊልም በከተሞቻችን ሲኒማ ቤቶች ብዙ ተመልካች የነበረው ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ሕንዳውያን መምህራንም ብዙዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የሕንድ ፊልም «አላም አራ» ይባላል፤ እ.አ.አ. በ1931 ተሠራ፤ ሰባት ዘፈኖችም ነበሩት። በዚያን ጊዜ ተዋናዩ በካሜራው ፊት እየተጫወተ በዚያው ቅጽበት ይዘፍን ነበር። ማይክሮፎኑ በዛፍ ወይም በመጋረጃ ውስጥ ተደብቆ፤ ሙዚቀኞቹም ካሜራው በማያያቸው ቦታ ተቀምጠው ይሠራሉ። ስለዚህ መልክ ያላት ግን ድምፅ የሌላት ተዋናይ አትቀጠርም፤ ድምፅ ያላት ግን መታየት የማትፈልግም እንዲሁ። ካናን ዴቪ፤ ኑር ጀሃንና ሱራያ የተባሉት ስመ ጥር ሴቶች ራሳቸው ተጫውተው ራሳቸው የዘፈኑ ናቸው።

እ.አ.አ. በ1935 በካልካታ ከተማ «ዱፕ ቻዎን» የተባለ ፊልም ሲሠራ ይህ አሠራር ተለወጠ። የፊልሙ አዘጋጅ ኒቲን ቦስ፤ የሙዚቃው ኃላፊ ራይ ቻንድ ቦራል ነበሩ። ዘፈኑን አስቀድመው በስቱዲዮ ቀረጹት፤ ቀጥሎም የተቀረጸው እየተሰማ ተዋናዮቹ ከንፈራቸውን ከቃሉ ጋራ እያስማሙ ተጫወቱ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የአንዲቱ ገጽና የሌላይቱ ድምፅ በሸራ ላይ አንድ ሰው መሆን ቻሉ። አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው፤ ይህ የሆነበት ዓመት ወይዘሮ አስናቀች የተወለዱበትና የአገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመበት ዘመን ነው።

ይህ የመሣሪያ ብልሃት በሴቶች ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ከፍ ያለ ነው። ሻምሻድ ቤጉም የተባሉት ዘፋኝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አባታቸው እንዲዘፍኑ የፈቀዱላቸው ተሸፋፍነው እንዲሄዱና ፎቶግራፍ እንዳይነሡ አስምለው ነው ይባላል። እርሳቸውም ለብዙ ዓመት ፎቶግራፍ ሳይነሡ ድምፃቸው በመላው ሕንድ ይሰማ ነበር። ላታ ማንጌሽካርም አባታቸው እ.አ.አ. በ1942 ሲሞቱ ቤተ ሰብ ለመርዳት በልጅነታቸው በፊልም ተጫውተዋል፤ ነገር ግን በካሜራ ፊት መቆምን ስላልወደዱት ወደ ዘፈን ብቻ ዞሩ። እ.አ.አ. በ1949 «ማሐል» ለተባለው ፊልም የዘፈኑት ዘፈን በሸክላ ሲወጣ የዘፋኟ ስም ሆኖ የተጻፈበት «ካሚኒ» የሚል ነበር፤ ካሚኒ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ያለችው የልብ ወለድ ሴት ስም ነው። በሸራው ላይ የሚታየው ገጽ የማድሁባላ፤ ድምፁ የላታ፤ በሸክላው ላይ ያለው ስም የማንም። ሰሚዎች ይህች ዘፋኝ ማን ናት ብለው አብዝተው ከጠየቁ በኋላ ነው የላታ ስም የታወቀው።

እንግዲህ ሁለቱን አገሮች ስናስተያይ እንዲህ ይሆናል። ሕንድ ለሴት ዘፋኝ መሸሸጊያ ሰጠቻት፤ ዋጋው ግን ስሟን መሸሸግ ነበር። ኢትዮጵያ መሸሸጊያ አልነበራትም። ፊልም ገና ሥር ያልሰደደበት አገር ስለ ነበረ ወይዘሮ አስናቀች በዘፈኑ ቍጥር ገጻቸውም ስማቸውም አብሮ ይወጣ ነበር። ምስጋናውም ሐሜቱም በአንድ ሰው ላይ አረፈ። ይህን የቻሉት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሴቶች ሊሸሸጉ ሳያስፈልጋቸው በስማቸው እንዲዘፍኑ መንገድ ጠረጉ። ሁለቱም መንገድ ዋጋ አስከፍሏል፤ በእኔ አስተያየት ግን የወይዘሮ አስናቀች መንገድ የከበደ ነው፤ ይሁንና ለተከታይ የተረፈው ፍሬም የበለጠ ነው።

ሠ. ድምፁ ወደ ባሌ ደጋ እንዴት ደረሰ

ኢትዮጵያ ፊልሙን ባታገኝም ድምፅን ከገጽ የሚለይ ሌላ መሣሪያ ነበራት፤ እርሱም ሬድዮ ነው። ሬድዮ በአገራችን ከወረራው በፊት ተጀምሮ ከነጻነት በኋላ ተስፋፋ፤ በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ሬድዮ ሲመጣ ደግሞ መብራት ያልገባበት ቤት ሁሉ ሰሚ ሆነ። ሸክላ ማሳተም ግን ለብዙ ጊዜ የተገደበ ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. ግድም የወጣው ድንጋጌ ይህን መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ይህን በ1961 ዓ.ም. ግድም ደፍሮ የሰበረው አምኃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ ሌሎች አሳታሚዎች ተነሡ። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣና ሸክላን ተካው።

ጎባ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለ ነበረች የመንግሥት ሠራተኛ፤ ወታደርና ነጋዴ ከልዩ ልዩ አገር ይመጣባት ነበር። የአማርኛ ዘፈንም ከሰዎቹ ጋራ መጣ። ሮቤ ከጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ አንዷ የሰማችውን ሌላይቱ ሳትሰማ አትቀርም። በዚህ ደጋ የወይዘሮ አስናቀችን ገጽ በመድረክ ላይ ያየ ሰው ጥቂት ቢሆን ነው፤ ድምፁ ግን በሬድዮና በካሴት ደረሰ። የአዲስ አበባ ተመልካች ያገኛት ሙሉ ሴት ለባሌ ሰሚ ድምፅ ብቻ ሆና ደረሰች ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። በዚያ ዘመን ሬድዮው በአብዛኛው የሚናገረው አማርኛ ነው። በባሌ ደጋ የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ የሚናገርበት አፋን ኦሮሞ በኅትመትም በሬድዮም ቦታ አልነበረውም ለማለት ይቻላል፤ «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ እንኳ የወጣው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ስለዚህ አንዲት የሲናና ወይም የዲንሾ ገበሬ ሚስት የአዲስ አበባን ዘፋኝ በሬድዮ ስትሰማ፤ የእርሷን ዜማ ግን የሚሰማላት መሣሪያ አልነበረም።

የእርሷ ዜማ ደግሞ ትንሽ አልነበረም። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ስታገባ ከእናቷ እጅ «ሲንቄ» የምትባል በትር ትቀበላለች። ከሴቶቹ አንዲቱ ብትበደል፤ ይልቁንም በአራስነቷ ብትደበደብ፤ ጎረቤት ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን አንሥተው እየዘፈኑ ይወጣሉ፤ በዳዩ በሽማግሌ ፊት እስኪክስም አይመለሱም። በ«አቴቴ» ሥርዓት ደግሞ ዝናም ሲጠፋ ወይም ወላድ ሴት ስትጠና በዜማ ይለምናሉ። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙት መንገደኞችም ጫፉ ሹካ የሆነ በትራቸውን ይዘው «ባህሮ» የተባለውን የውዳሴ ዜማ እያዜሙ ይሄዳሉ።

ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን። በሲንቄ የምትዘፍን ሴት አትሰደብም፤ እንዲያውም ትፈራለች። አደባባይ ወጥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋለች፤ ገጽዋም ታይቷል፤ ነውር ነው የሚላት ግን የለም። እንግዲህ ነቀፌታው ሴት ስለ ዘፈነች አልነበረም ማለት ነው። ነቀፌታው ለብቻዋ፤ በስሟና ለእንጀራዋ ስለ ዘፈነች ነው። የማኅበር ዘፈን ክብር አለው፤ የአንዲት ሴት ሙያ የሆነ ዘፈን ግን ገና ክብሩን መፈለግ ነበረበት። ወይዘሮ አስናቀች የገቡበት ትግል ይህ ነው።

ረ. የቀረውና የጠፋው

ወይዘሮ አስናቀች እ.አ.አ. በ1970ዎቹ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ለዘመናችን ደርሰዋል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ «ኢትዮጲክ» በሚል ስም የቀድሞውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ በተከታታይ ሲያሳትሙ፤ እ.አ.አ. በ2003 የወጣውን 16ኛውን ክፍል ለወይዘሮ አስናቀች ብቻ ሰጡት፤ ርእሱም «ባለ ክራሯ ወይዘሮ» እንደ ማለት ነው። «እንደ ኢየሩሳሌም» የተባለው ዘፈናቸው በዚህ ውስጥ ይገኛል። ስለ ሕይወታቸውም ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም እ.አ.አ. በ2013 አውጥተዋል። ወይዘሮ አስናቀች ይህን ሳያዩ በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. አርፈው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በወጣትነታቸው አዝማሪ ተብለው ሊናቁ ይችሉ የነበሩ ሴት አርበኞችና ሚኒስትሮች በሚያርፉበት ቅጥር ግቢ ማረፋቸው፤ በአንድ ሰው ዕድሜ የአገር አሳብ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ያሳያል።

ዳሩ ግን የቀረልን ድምፁ ነው። በመድረክ የተጫወቱበት ምሽት ከምሽቱ ጋራ አልፏል። መጋረጃው ሲከፈት እንዴት እንደ ገቡ፤ በየትኛው ቃል ላይ ዝም እንዳሉ፤ የሰጧቸውን ግጥም እንዴት አድርገው እንደ መለሱ፤ ይህን የሚያስታውሱት ያዩት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ከዓመት ወደ ዓመት ያንሳሉ። በሕይወት ሳሉ ሊለያዩ ያልቻሉት ድምፅና ገጽ ከሞት በኋላ ተለያዩ፤ ድምፁ ኖረ፤ ገጹ ጠፋ።

መሣሪያው ስላለ ብቻ ነገር አይጠበቅም። ሕንድ በፊልም የበለጸገች አገር ናት፤ ነገር ግን «አላም አራ» የተባለው ያ የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ፊልም አንድም ቅጂ ሳይቀር ጠፍቷል። ተሠርቶ፤ ታይቶ፤ ተጨብጭቦለት ጠፋ። ስለዚህ የሚጠብቀው ሰው እንጂ መሣሪያ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በአጭሩ ብንሰበስበው፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን ድምፃቸውን ከገጻቸው ለይተው የሚሸሹበት ቦታ አልነበራቸውም፤ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁም ይህን ጕድለት ወደ ክብር ለወጡት። በተነቀፈ መሣሪያ፤ በተጠረጠረ ሙያ፤ በገዛ ስማቸው ቆመው ለተከታዮቻቸው ቦታ አገኙ።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ሥራ ደግሞ ቅርብ ነው። በሮቤ ዙሪያ፤ በጎባ፤ በአጋርፋ፤ በጊኒር ሲንቄ ይዘው የዘፈኑ፤ ባህሮ የሚያውቁ፤ የሰርግ ዜማ የሚያወጡ እናቶችና አያቶች አሉ። ዛሬ ከእያንዳንዳችን ኪስ የማይጠፋው ስልክ ድምፅንም ገጽንም አንድ ላይ ይቀርጻል፤ እ.አ.አ. በ1935 የካልካታ ስቱዲዮ ያልነበረውን በእጃችን ይዘናል። በእረፍት ጊዜ ወደ ቤታችን ስንሄድ ቢያንስ አንዲት እናትን አስፈቅደን ብንቀርጽ፤ የዘፈኑን ቃል በቋንቋው ብንጽፍ፤ ቦታውንና ቀኑን ብንመዘግብ ለዚህ ጉባኤ ትልቅ ሀብት ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን የዘፋኟን ስም እርሷ ከፈቀደች መጻፍ አይዘንጋ። ድምፅ ያለ ስም ሲቀር ምን እንደሚሆን የ«ካሚኒ» ሸክላ አሳይቶናል፤ በሕንድ ሰሚው ጠይቆ ስሙን አስወጣ፤ በእኛ ደጋ ግን አሁን ካልጠየቅን ኋላ የሚመልስልን አይገኝም።